ተተኩሶ የወደቀ ቀለህ፤ የአደን ጥይትን በቤት መልሶ የመሙላት ታሪክ

ጥይት በአንድ ስም ትጠራ እንጂ አንድ ነገር አይደለችም። በዝናር ተሰክታ ለሚያያት ሰው ከአንድ ማዕድን ተቀርጻ የወጣች ትመስላለች፤ በተከፈተች ጊዜ ግን ልዩ ልዩ ጠባይ ያላቸው፥ በልዩ ልዩ አገርና ዘመን የተፈለሰፉ ነገሮች በውስጧ ተስማምተው ተቀምጠው ይገኛሉ። በተለይም ወፍና ትንንሽ አውሬ ለማደን የሚያገለግለው፥ አንድ አረር በመወርወር ፈንታ ብዙ የእርሳስ ጠጠር የሚበትነው ጠመንጃ የሚጎርሳት ጥይት አምስት ክፍሎች አሏት። እነርሱም ሁሉን የሚይዘው ቀለህ፥ እሳት የሚሰጠው ካፕሱል፥ ኃይል የሚሆነው ባሩድ፥ በባሩዱና በእርሳሱ መካከል የሚገባው ውታፍ፥ በመጨረሻም ወደ ዒላማው የሚሄደው የእርሳስ ጠጠር ናቸው።

ይህች ጥይት በተተኮሰች ጊዜ ካፕሱሉ ይፈነዳል፥ ባሩዱ ይነዳል፥ ውታፉና ጠጠሩ በአፈሙዝ ወጥተው ይሄዳሉ። ሳይጠፋ የሚቀረው ቀለሁ ብቻ ነው። ስለዚህ የወደቀውን ቀለህ አንሥቶ፥ የጎደሉትን አራት ነገሮች መርጦና ሰፍሮ፥ በገዛ ቤቱ መልሶ የሚሞላ አዳኝ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ በብዙ አገር ታይቷል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ የዚህን ሰው ምርጫ ታሪክ በአጭሩ መናገር ነው። ታሪኩም የሚያስተምረው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ዕቃ በተለወጠ ጊዜ ስፍሩም አብሮ ካልተለወጠ፥ የተለመደ እጅ ባለቤቱን የሚጎዳ መሆኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የጥይትን ዋጋ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት ብዙ ድካም የለበትም። በ19ኛው መቶ ዓመት አገራችንን የጎበኙ መንገደኞች ባሩድ በአገር ልጅ እጅ ይቀመም እንደ ነበር ጽፈዋል። ኋላም በፈረንሳይ አገር በ1874 የወጣው የግራ ጠመንጃ ወደ አገራችን በብዛት በገባ ጊዜ፥ አባቶቻችን «ፉዚ ግራ» የሚለውን የፈረንሳይኛ ስም በአማርኛ አንደበት «ውጅግራ» አሉት፤ ጥይቱም ከማርያ ትሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጋራ በየገበያው እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር። ጥይት የገንዘብን ያህል በተከበረበት አገር የተወለደ ሰው፥ ተተኩሶ የወደቀ ቀለህ ስለ ምን ተለቅሞ እንደሚቀመጥ ለመረዳት አይቸገርም።

ነገር ግን የምንናገርለት የአደን ጥይት ታሪክ የሚጀምረው በአውሮፓ፥ ያውም ቀለህ ከመፈልሰፉ በፊት ነው። ጠመንጃ በአፈሙዙ በሚጎርስበት ዘመን እያንዳንዱ አዳኝ በየተኩሱ የራሱ ጥይት ሠሪ ነበር። ባሩዱን በቀንድ ወይም በብልቃጥ፥ ጠጠሩን በቆዳ ከረጢት ይዞ፥ ለውታፍም ወረቀት ወይም ጨርቅ ቆራርጦ ወደ ዱር ይወጣል። ወፍ በታየ ጊዜ የሚተኩሰው አስቀድሞ በገዛ እጁ ሰፍሮ የጎሰጎሰውን ነበር። በእንግሊዝ አገር የባሩዱ መስፈሪያ ድራም ይባላል። አንድ ድራም የአንድ ኦንስ አሥራ ስድስተኛ እጅ፥ በእኛ ዘመን ሚዛን 1.77 ግራም ያህል ነው። አዳኙም ይህን በሚዛን አይመዝነውም፤ ልኩ በታወቀ ትንሽ ዋንጫ ይሰፍረዋል እንጂ። ብዙዎቹ የባሩዱን ስፍርና የጠጠሩን ስፍር እኩል በማድረግ ይረኩ ነበር።

ይህ ልማድ ለረጅም ዘመን ሊጸና የቻለው ጥቁር ባሩድ በጠባዩ ታጋሽ ስለ ሆነ ነው። ስፍሩ ጥቂት ቢያልፍ ጢሱ ይበዛል፥ ሰደፉም ትከሻን አብልጦ ይመታል፤ በደኅና የተሠራ አፈሙዝ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይችለዋል። አንባቢ ይህን የጥቁር ባሩድ ትዕግሥት በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ኋላ የሚመጣው መከራ የተወለደው ከእርሱ ነውና።

ከአምስቱ ክፍሎች አስቀድሞ መልኩን ያገኘው ጠጠሩ ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት የቀለጠ እርሳስ ወንፊት በመሰለ ዕቃ እየተንጠባጠበ ውኃ ውስጥ ይገባ ነበር፤ ነገር ግን ከዚህ የሚወጣው ጠጠር ሁሉ እኩል ድብልብል አልነበረም። ድብልብል ያልሆነ ጠጠር ደግሞ በአየር ውስጥ ቀጥ ብሎ አይሄድም። በ1782 ዊሊያም ዋትስ የሚባል በብሪስቶል ከተማ የሚኖር የቧንቧ ሠራተኛ ለዚህ መላ አግኝቶ በመንግሥት የተረጋገጠ የባለቤትነት መብት ተቀበለ። አሳቡ በሕልም እንደ ተገለጠለት ይተረካል። ሕልሙ እውነት ሆነም አልሆነ፥ ዋትስ የሠራው ሥራ የታወቀ ነው። በቤቱ ላይ ግንብ ጨመረ፥ ከቤቱም ሥር ጉድጓድ ቆፈረ፤ ጥቂት አርሴኒክ የገባበትን የቀለጠ እርሳስም ከላይ አንጠበጠበው። ጠብታው በአየር ውስጥ ሲወርድ እንደ ዝናብ ጠብታ በራሱ ይድበለበላል፤ ከታች ካለው ውኃ ከመድረሱ በፊትም በመጠኑ ቀዝቅዞ መልኩን ይይዛል። ይህ ዘዴ ወደ ሌሎች አገሮችም ተሻገረ። በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ በ1828 የተሠራው ቁመቱ 71 ሜትር ያህል የሆነ የጠጠር ግንብ ዛሬም ቆሞ ይታያል።

ሁለተኛው የእሳቱ ነገር ነው። ባልጩት የሚጭረው እሳት አስቀድሞ በውጭ ባለው ጥቂት ባሩድ ላይ ይበራል፥ ከዚያም ወደ ውስጥ ይዘልቃል። በዚህ መካከል ብልጭታውን ያየ ዳክዬ ጠጠሩ ሳይደርስበት ይሰወራል። በስኮትላንድ በቤልሄልቪ የሚያገለግል አሌክሳንደር ፎርሳይት የተባለ አደን ወዳድ ቄስ በዚህ ነገር ተበሳጭቶ ሲመራመር ቆየና፥ በመዶሻ ሲመቱት በሚፈነዳ ቅመም ባሩድን ማቀጣጠል እንደሚቻል አስረዳ፤ በ1807ም የባለቤትነት መብት አገኘ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይኸው ቅመም በትንሽ የመዳብ ቆብ ውስጥ ተደረገ። ካፕሱል የምንለው ይህ ነው።

ሦስተኛው ቀለህ ነው። በፓሪስ ይሠራ የነበረው የስዊስ ተወላጅ ዣን ሳሙኤል ፖሊ በ1812 በስተኋላ የሚጎርስ ጠመንጃና እሳት ሰጪው አብሮት ያለ ጥይት ሠራ። የእርሱን ፈለግ የተከተለው ካሲሚር ለፎሾ በ1830ዎቹ ዓመታት ከጎኑ መርፌ የወጣለት ጥይት ለአዳኞች አቀረበ። ይህ የፈረንሳይ ጠመንጃ በ1851 በለንደን በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን በታየ ጊዜ የእንግሊዝ ጠመንጃ ሠሪዎች ልብ ተነካ። ጆርጅ ዶ የተባለው የለንደን ነጋዴ ካፕሱሉ በቂጡ መካከል የተተከለውን ጥይት በ1861 ለገበያ አወጣ። ዛሬም አዳኝ የሚይዛት ጥይት በመልኳ የዚያች ልጅ ናት።

እንግዲህ በቤት መልሶ መሙላት የተጀመረው በዚህ ጊዜ ነው። የወረቀት ወይም የናስ ቀለህ ከተተኮሰ በኋላ እንደ ገና ሊያገለግል የሚችል ሆኖ ተገኘ። ከጠመንጃው ሳጥን ጋራ ትንንሽ መሣሪያዎች ይሸጡ ጀመር፤ አንዱ የተቃጠለውን ካፕሱል አስወጥቶ አዲሱን ይተክላል፥ አንዱ ባሩድና ጠጠር ይሰፍራል፥ አንዱ ውታፉን ይጠቀጥቃል፥ አንዱም የቀለሁን አፍ ጠቅልሎ ይዘጋል። አዳኙ ከአደን በፊት ባለው ምሽት በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ የነገውን ዝናር ያሰናዳል። አባቱ በዱር እየሮጠ ያደርገው የነበረውን ሥራ እርሱ በቤቱ ተቀምጦ ያደርገዋል፤ መስፈሪያው ግን ያው የአባቱ የድራም ዋንጫ ነበር።

የካፕሱሉ ምርጫ ለዚህ ሰው ቀላል አልነበረም። በ1866 አሜሪካዊው ሂራም ቤርዳንና እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ቦክሰር ሁለት ልዩ ልዩ የካፕሱል ሥርዓት አወጡ። በቤርዳን ሥርዓት ካፕሱሉ የሚመታበት ጉብታ ከቀለሁ ጋራ አንድ ሆኖ ተሠርቶ፥ እሳቱ በጎንና በጎን ባሉ ጠባብ ቀዳዶች ያልፋል። በቦክሰር ሥርዓት ግን መመቻው በካፕሱሉ ውስጥ ስለ ሆነ፥ አንድ ቀዳዳ በመካከል ይበቃል፤ በዚያም ቀዳዳ ከውስጥ መርፌ ቢያስገቡ አሮጌው ካፕሱል በቀላሉ ይወጣል። የሚያስገርመው የእንግሊዛዊው ሥርዓት በአሜሪካ፥ የአሜሪካዊው ደግሞ በአውሮፓ መስፋፋቱ ነው። የአደን ጥይት ካፕሱልም ቆይቶ መመቻውን ከራሱ ጋራ በትንሽ ጽዋ ውስጥ ይዞ መጣ፤ ስለዚህ ቀለሁን ሳያስቸግር አውጥቶ መተካት ተቻለ። እንዲሁም በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ የነበሩት ካፕሱሎች ከተኩስ በኋላ ጨው የመሰለ ቅሪት በአፈሙዙ ውስጥ ይተዉ ስለ ነበር፥ ያልተወለወለ ጠመንጃ በአንድ ሌሊት ይዝግ ነበር። ይህ ክፉ ጠባይ የተወገደው ከ1920ዎቹ ወዲህ በተሠሩት አዳዲስ ቅመሞች ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። በ1860ዎቹ የፕሩስያ መድፈኛ መኰንን የነበረው ሹልትዘ ከእንጨት የተሠራ፥ ጢሱ እጅግ ያነሰ ባሩድ አወጣ። ከእርሱም በኋላ በ1884 ፈረንሳዊው ፖል ቪዬል፥ በ1887 ስዊድናዊው አልፍሬድ ኖቤል፥ እያንዳንዳቸው ይበልጥ ኃይለኛ የሆነ ጢስ አልባ ባሩድ ፈለሰፉ። አዳኝ በዚህ ደስ አለው፤ ከመጀመሪያው ተኩስ በኋላ ጢስ ዓይኑን አይጋርደውም፥ አፈሙዙም ቶሎ አይቈሽሽም።

ሠሪዎቹ ግን አንድ ችግር ገጠማቸው። በብዙ ሺህ ቤት ያለው መስፈሪያ የጥቁር ባሩድ የድራም ዋንጫ ነው። ስለዚህ አንዳንዶቹ፥ ሹልትዘን የመሰሉት፥ ባሩዳቸውን ቀለል አድርገው በመሥራት ያው ዋንጫ ሲሞላ ያው ኃይል እንዲገኝ አደረጉ። ሌሎቹ ባሩዶች፥ የኖቤልን ባሊስቲት የመሰሉት፥ ድፍን ስለ ነበሩ ለዚያው ሥራ የሚበቃው ክብደት ከጥቁሩ ባሩድ እጅግ ያነሰ ሆነ። ሁለቱም በጣሳ ተደርገው በአንድ መደርደሪያ ላይ፥ በአንድ ስም፥ «ጢስ አልባ ባሩድ» ተብለው ይሸጡ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነውን መገመት አያስቸግርም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዋንጫውን ሲሞላ የኖረው ሰው ድፍኑን ባሩድ በዚያው ዋንጫ ሞላው። እጁ አልተሳሳተም፤ እንደ ወትሮው በትክክል ሰፍሯል። ዓይኑም አልተሳሳተም፤ ዋንጫው እስከ ከንፈሩ ሞልቷል። የተሳሳተው ዋንጫው ራሱ ነው፤ ሊሰፍር የተሠራለት ነገር ተለውጦ ሳለ እርሱ አልተለወጠምና። በእንዲህ ያለ ስፍር አፈሙዝ የተሰነጠቀበት፥ ጣት የተቈረጠበት፥ ዓይን የጠፋበት ሰው ጥቂት አይደለም። ጥቁር ባሩድ ይታገሥ የነበረውን አዲሱ ባሩድ አልታገሠም።

ለዚህ አደጋ ሁለት መድኃኒት ተገኘለት። አንደኛው በዋንጫ ፈንታ ሚዛን መጠቀም ነው። ሁለተኛው ጠመንጃውን መመርመር ነው። በለንደን ከ1637፥ በበርሚንግሃም ከ1813 ጀምሮ የጠመንጃን ጥንካሬ በብርቱ ተኩስ የሚፈትኑ ቤቶች ነበሩ፤ ጢስ አልባ ባሩድ ከመጣ ወዲህ ደግሞ በዚህ ባሩድ ተፈትኖ ያለፈውን ጠመንጃ በልዩ ምልክት ማተም ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ አስተዋይ ሰው ቀለሁን ከመምረጡ በፊት በአፈሙዙ ሥር ያለውን ማኅተም ያያል። ስለዚህ ጠመንጃው ራሱ ስድስተኛው ክፍል ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

አሮጌው መስፈሪያ ግን ፈጽሞ አልሞተም። በአሜሪካ በሚሸጡ የአደን ጥይቶች ሣጥን ላይ «የዚህን ያህል ድራም የሚተካከል» የሚል ጽሕፈት እስከ ዘመናችን ድረስ ይታተማል። ትርጓሜውም፥ ይህች ጥይት ጠጠሯን የምትወረውረው ያን ያህል ድራም ጥቁር ባሩድ በሚወረውርበት ፍጥነት ነው ማለት ነው፤ በውስጧ ያለውን ባሩድ ልክ አይናገርም። ይህን የማያውቅ ሰው ቁጥሩን አይቶ በዚያ ልክ አዲስ ባሩድ ቢሰፍር፥ የዛሬ መቶ ሠላሳ ዓመት የሆነው አደጋ በእርሱ ይደገማል።

በ20ኛው መቶ ዓመት በቤት መሙላት ይበልጥ የተስፋፋው በአሜሪካ ነው። ለዚህም ምክንያት የሆነው አደን ብቻ አይደለም። በ1880 የሲንሲናቲው ጆርጅ ሊጎውስኪ ወፍ በመምሰል የምትበርር የሸክላ ሳሕን ፈለሰፈ፤ በእርስዋም ላይ መተኮስ ታላቅ ስፖርት ሆነ። በዚህ ስፖርት አንድ ሰው በአንድ ዙር 25 ጊዜ ይተኩሳል፥ በአንድ ቀንም መቶና ከዚያ በላይ ጥይት ይጨርሳል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እጀታው በተጫነ ቍጥር አንዱን ቀለህ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው የሚያሳልፍ የጠረጴዛ መሣሪያ በየቤቱ ገባ። ወጪ ለመቀነስ ብሎ የጀመረው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያተርፈው ገንዘብ ሳይሆን የተኩስ ብዛት ነው፤ ቢሆንም በገዛ እጁ በሞላት ጥይት የመታት ሳሕን ደስታዋ ልዩ ነው ይላሉ።

በዚሁ ዘመን ቀለህና ውታፍም ተለወጡ። ቀድሞ ቀለህ በሰም የተነከረ ወረቀት ነበረና እርጥበት ያሳብጠው፥ እሳትም አፉን ይበላው ነበር። በ1960 የሬሚንግተን ፋብሪካ የፕላስቲክ ቀለህ አወጣ። ውታፉም ከተጠቀጠቀ ጠጉርና ከካርቶን ወጥቶ አንድ የፕላስቲክ ጽዋ ሆነ፤ ይህ ጽዋ ከታች ጋዙን ያግዳል፥ ከላይ ደግሞ ጠጠሩን አቅፎ ከአፈሙዙ ጋራ እንዳይፋተግ ይጠብቀዋል። ነገር ግን ፕላስቲክ አዲስ ተንኰል ይዞ መጣ። ሁለት ቀለሆች በውጭ ሲታዩ አንድ ዓይነት ቁመትና ውፍረት እያላቸው፥ የአንዱ ውስጥ ቀጥ ያለ፥ የሌላው ውስጥ ወደ ሥሩ የሚጠብ ሊሆን ይችላል። በሰፊው ልክ የታሰበው ውታፍና ባሩድ በጠባቡ ውስጥ ቢገቡ፥ ቦታው ስለሚያንስ የጋዙ ግፊት ይጨምራል። ካፕሱሉም እንዲሁ ነው፤ መጠናቸው አንድ ሆኖ የአንዱ እሳት ከሌላው የሚበረታ ካፕሱሎች አሉ።

ከዚህ የተነሣ የባሩድ ፋብሪካዎች በመፈተኛ ጠመንጃ ግፊቱን እየለኩ ሰንጠረዥ ያሳትማሉ። በሰንጠረዡም እያንዳንዱ መሥመር የሚናገረው ስለ አንድ ክፍል አይደለም፤ ይህ ቀለህ፥ ከዚህ ካፕሱል፥ ከዚህ ባሩድ፥ ከዚህ ውታፍና ከዚህን ያህል ጠጠር ጋራ ብሎ ሁሉን በአንድነት ያስራል። ሕጉ በሚፈቅድለት አገር ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ምርጫው ከመሥመሮቹ አንዱን መምረጥ ነው፤ ከአንዱ መሥመር ካፕሱል፥ ከሌላው ውታፍ አዋጥቶ የራሱን መሥመር መፍጠር አይደለም። በገበያ የጠፋውን ክፍል በሚመስለው ለመተካት የሚቸኩል ሰው ያን የቀድሞውን አዳኝ ይመስላል፤ መልክን ተመልክቶ ጠባይን ይዘነጋልና።

የመጨረሻው ለውጥ በጠጠሩ ላይ የመጣ ነው። እርሳስ መርዝ ነው። በረግረግ ውስጥ የተበተነውን ጠጠር ዳክዬና ዝይ ምግብ የሚፈጩበት ትንሽ ድንጋይ እየመሰላቸው ይለቅሙታል፥ በእርሱም ተመርዘው ይሞታሉ። ስለዚህ አሜሪካ በ1991 የውኃ ወፎች በእርሳስ እንዳይታደኑ በመላ አገሯ ከለከለች፤ የአውሮፓ ኅብረትም በረግረግ ቦታዎች የእርሳስ ጠጠር መተኮስን ከ2023 ጀምሮ አግዷል። በእርሳስ ቦታ በብዛት የገባው ብረት ነው። ብረት ግን ከእርሳስ ይቀልላል፤ የእርሳስ እፍጋት ከውኃ 11.3 እጥፍ ሲሆን የብረት 7.8 ያህል ነው። ከዚህም በላይ ጠንካራ ስለ ሆነ አፈሙዝን ይፍቃል፥ በጠባብ አፈሙዝም ሲያልፍ እንደ እርሳስ አይታዘዝም። ስለዚህ ወፍራም ውታፍ፥ ሌላ ባሩድ፥ ሌላ ሰንጠረዥ፥ አንዳንዴም ሌላ ጠመንጃ ይፈልጋል። በእርሳስ መስፈሪያ ብረት የሚሰፍር ሰው፥ በጥቁር ባሩድ ዋንጫ ባሊስቲት የሰፈረው ሰው ወንድም ነው።

እነሆ አንዲት የአደን ጥይት የብሪስቶሉ የቧንቧ ሠራተኛ፥ የስኮትላንዱ ቄስ፥ የፓሪሱ ጠመንጃ ሠሪ፥ የፕሩስያው መድፈኛና የአሜሪካው ፋብሪካ ሁሉ በአንድነት የደከሙባት ሥራ ናት። ከእነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ አልተገናኙም፤ ሥራቸውን በአንድ ቀለህ ውስጥ የሚያገናኘው በጠረጴዛው አጠገብ የተቀመጠው ሰው ነው። ከእርሱ የሚጠበቀው ከሁሉ የበለጠውን ባሩድ፥ ከሁሉ የበረታውን ካፕሱል፥ ከሁሉ የከበደውን ጠጠር መምረጥ አይደለም፤ እርስ በርሳቸው የሚስማሙትን መምረጥ ነው። የበረታ ሁሉ በአንድ ቤት ቢሰበሰብ ቤቱ ይፈርሳል።

መስፈሪያን ከአባት መውረስ መልካም ነው፤ ብዙ ዘመን የተፈተነ ዕውቀት ያለበት ነውና። ነገር ግን መስፈሪያውን የወረሰ ሰው የሚሰፈረው ነገር ያው የቀድሞው መሆኑን እየጠየቀ ሊሞላው ይገባል። ያ አዳኝ ዋንጫውን ከመሙላቱ በፊት በጣሳው ላይ የተጻፈውን አንብቦ ቢሆን ኖሮ፥ ዓይኑ ባልጠፋ ነበር።